ከምጽዋት ወደ ማኅበር፤ የአካል ጉዳተኞችና የሕሙማን ረዳት ድርጅቶች አመጣጥ በኢትዮጵያ

መግቢያ

በኢትዮጵያ ውስጥ አካል ጉዳት ያለባቸውንና ለረጅም ዘመን በሚቆይ ሕመም የሚሠቃዩትን ሰዎች ለመርዳት የተቋቋሙ ድርጅቶችና ማኅበራት ቁጥራቸው ጥቂት አይደለም። ዳሩ ግን የድርጅቱ መኖር ብቻውን ርዳታ አይሆንም። ርዳታ ፈላጊው ድርጅቱ መኖሩን ሊያውቅ፥ ጉዳዩ ከየትኛው ድርጅት ሥራ ጋር እንደሚገናኝ ሊለይና ከደጃፉ ሊደርስ ይገባል። በገጠር የሚኖር አንድ ወላጅ ልጁ የማይሰማ መሆኑን ሲረዳ አስቀድሞ የሚሄደው ወደ ጸበል ወይም ወደ ጤና ጣቢያ ነው። ከዚያ ወዲያ የት እንደሚሄድ የሚያመለክተው ሰው ካላገኘ ልጁ ከቤት ይውላል። ዕድሜው ለትምህርት ደርሶ በአቅራቢያው ወዳለው ትምህርት ቤት በቀረበም ጊዜ «እዚህ ለእርሱ የሚሆን ትምህርት የለም» የሚል መልስ ከተሰጠው፥ ነገሩ በዚያው ይቋረጣል። ልጁም ሐሳቡን የሚገልጽበት ቋንቋ ሳይኖረው ያድጋል።

ይህ ችግር የሚመነጨው ከበጎ ፈቃድ መጓደል ብቻ ሳይሆን ድርጅቶቹ ከተቋቋሙበት ታሪክም ጭምር ነው። ረዳት ድርጅቶቹ በአንድ ዘመንና በአንድ ፕላን የተዘረጉ አይደሉም። አንዱ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን፥ ሌላው ለዓይነ ስውራን፥ ሌላው መስማት ለተሳናቸው፥ በተለያየ ጊዜ፥ በተለያየ ቦታና በተለያዩ መሥራቾች የቆሙ ናቸው። ስለዚህም ለሁሉም የሚሆን አንድ በር አልተበጀም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ታሪክ በቅደም ተከተል ማቅረብና፥ ርዳታ ፈላጊውን ከረዳቱ ጋር በማገናኘት ረገድ የመምህሩና የፕላን አዘጋጁ ድርሻ ምን ሊሆን እንደሚገባ ማመልከት ነው። በጽሑፉ ውስጥ «እ.ኤ.አ.» የሚል ምልክት ያለባቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር፥ «ዓ.ም.» የሚል ያለባቸው ደግሞ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

1. ምጽዋት፥ ዕድርና ጉባኤ ቤት

ዘመናዊ ድርጅት ከመቋቋሙ አስቀድሞ በኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ውስጥ የአካል ጉዳተኛው ዋና ረዳት ቤተ ዘመዱ ነበር። ቤተ ዘመድ ሲደክም ወይም ሲታጣ የሚተካው ምጽዋት ነው። በቤተ ክርስቲያን ደጀ ሰላም፥ በመስጊድ በር፥ በገበያ መንገድና በንግሥ በዓላት ቀን ለችግረኛ መስጠት በሰጪው ዘንድ የጽድቅ ሥራ ሆኖ ይቆጠራል። ይህ ልማድ ብዙ ሰዎችን ከረኀብ ያተረፈ መሆኑ አይካድም። ሆኖም ምጽዋት ተቀባዩን ዛሬ ያበላዋል እንጂ ለነገ ሙያ አያስተምረውም፤ ከሰዎች ጉባኤም መካከል አያስቀምጠውም።

ዕድርና የጽዋ ማኅበር ከዚህ የተለየ ባሕርይ አላቸው። አባሉ ያዋጣል፥ በተራው ይረዳል፥ በስብሰባም ድምፅ አለው። ሰዎች ችግራቸውን በጋራ ለመወጣት ደንብ አውጥተው፥ ዳኛና ጸሐፊ መርጠው የሚተዳደሩበት ይህ ልማድ ኋላ ለተነሡት የአካል ጉዳተኞች ማኅበራት የታወቀ መንገድ ሆኖ ጠብቋቸዋል።

በሀገሪቱ የቆየ የትምህርት ሥርዓት ውስጥ አንድ ልዩ ትኩረት የሚገባው ነገር አለ። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት፥ በተለይም በዜማና በቅኔ ቤት፥ ትምህርቱ በአብዛኛው የሚተላለፈው በቃል ነበር። መምህሩ ይናገራል፥ ተማሪው ይሰማል፥ በቃሉም ይይዛል። ዓይናማውም ሆነ ዓይነ ስውሩ ተማሪ በዚህ ረገድ እኩል ነበሩ። በዚህም ምክንያት በርካታ ዓይነ ስውራን እስከ መምህርነት ማዕረግ ለመድረስ ችለዋል። ይህ የሆነው ለዓይነ ስውራን ተብሎ የተለየ ትምህርት ቤት ስለ ተከፈተ ሳይሆን፥ የማስተማሪያው ዘዴ ስላልከለከላቸው ነው። በአንጻሩ መስማት ለተሳነው ልጅ ያው የቃል ትምህርት ፍጹም ዝግ በር ነበር። እንግዲህ አንዱን ሊቅ ያደረገው ዘዴ ሌላውን ከደጅ አስቀርቶታል። የትምህርት ዘዴ ራሱ ጉዳትን ሊያቀል ወይም ሊያከብድ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ግልጽ ምሳሌ አይገኝም።

የሥጋ ደዌ ሕሙማን ሁኔታ ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነበር። በሽታው በዘር የሚወርድ ወይም የእርግማን ውጤት ነው ተብሎ ስለሚታመን ሕሙማኑ ከትዳር፥ ከርስትና ከመንደር ይገለሉ ነበር። ማልደው በየቤቱ ደጃፍ እያዜሙ የሚለምኑት ላሊበላዎች ይህን ልማድ ካቋረጡ በሥጋ ደዌ ይያዛሉ የሚለው እምነትም፥ በሽታው በሕዝቡ አእምሮ ውስጥ ምን ያህል ፍርሃት አሳድሮ እንደ ነበረ ያስረዳል።

2. ከውጭው ዓለም የመጣው ልምድ

በኢትዮጵያ ለአካል ጉዳተኞች የተከፈቱት የመጀመሪያዎቹ ዘመናዊ ትምህርት ቤቶች አብዛኞቹ በውጭ ሀገር ሚስዮናውያን የተመሠረቱ በመሆናቸው፥ መሥራቾቹ ይዘውት የመጡትን ልምድ በአጭሩ መመልከት ያስፈልጋል።

በፓሪስ ከተማ ቫለንታን አዩዊ የተባለ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1780ዎቹ ለዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት አቋቋመ። የትምህርት ቤቱ መጻሕፍት የተዘጋጁት የተለመደውን የላቲን ፊደል በወፍራም ወረቀት ላይ ጎልቶ እንዲዳሰስ በማድረግ ነበር። ፊደሉን የመረጡት ዓይናሞች ስለ ነበሩ ለዓይን እንጂ ለጣት የሚስማማ አልነበረም፤ ተማሪዎቹም ሊጽፉበት አይችሉም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1809 የተወለደውና በሕፃንነቱ በአባቱ የቆዳ ሥራ መሣሪያ ዓይኑ የጠፋው ሉዊ ብሬይል በዚሁ ትምህርት ቤት ሲማር፥ ገና የ15 ዓመት ልጅ ሳለ በ6 ነጥቦች የሚጻፈውን ዘዴ ፈጠረ። እ.ኤ.አ. በ1829 አሳትሞ አወጣው። ዘዴው በራሱ ትምህርት ቤት በይፋ ተቀባይነት ያገኘው ግን ፈጣሪው እ.ኤ.አ. በ1852 ከሞተ ከሁለት ዓመት በኋላ ነበር።

መስማት የተሳናቸው ሰዎች ታሪክም ተመሳሳይ ትምህርት ይሰጣል። በዚያው በፓሪስ ደ ሌፔ የተባለ ካህን በ18ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ አካባቢ የከፈተው ትምህርት ቤት የምልክት ቋንቋን የማስተማሪያ መሣሪያ አድርጎ ይጠቀም ነበር። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1880 በሚላኖ የተሰበሰበው የመምህራን ጉባኤ ትምህርቱ በንግግር ብቻ እንዲሆንና ምልክት እንዲቀር ወሰነ። በጉባኤው ከተገኙት ከ160 በላይ ተሳታፊዎች ውስጥ መስማት የተሳነው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ውሳኔው በብዙ ሀገሮች የምልክት ቋንቋ ከመማሪያ ክፍል እንዲወጣ አድርጓል። የዚሁ ጉባኤ ተከታይ የሆነው ስብሰባ እ.ኤ.አ. በ2010 በካናዳ በቫንኩቨር ሲካሄድ በውሳኔው መጸጸቱን በይፋ ገልጿል። በመካከሉ ያለፈው ጊዜ 130 ዓመት ነው።

ከእነዚህ ሁለት ታሪኮች የሚገኘው ቁም ነገር አንድ ነው። ረዳቱ በቅን ልቡና ቢነሣም፥ ተረጂው ስለ ራሱ ጉዳይ ካልተጠየቀ የርዳታው መንገድ ሊሳሳት ይችላል።

3. ሐኪም ቤቶችና ትምህርት ቤቶች

በኢትዮጵያ ዘመናዊው ርዳታ የጀመረው ከሥጋ ደዌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1901 ፈረንሳውያን የካፑቺን ሚስዮናውያን በሐረር የሥጋ ደዌ ሕሙማን መጠለያ አቋቋሙ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በሱዳን ኢንተሪየር ሚሽን አማካይነት በአዲስ አበባ ዳርቻ የሥጋ ደዌ ሐኪም ቤት ተከፈተ፤ ይህም በልዕልት ዘነበወርቅ ስም የተጠራው ሐኪም ቤት ነው። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ደግሞ በጀርመን ርዳታ በሐረር አቅራቢያ የቢሲዲሞ ማዕከል ተመሠረተ። በታኅሣሥ 1958 ዓ.ም. የመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ማሠልጠኛና ተሐድሶ ማዕከል፥ በአጭር ስሙ አለርት፥ በዘነበወርቅ ሐኪም ቤት ላይ ተመሥርቶ ተቋቋመ። በአጠገቡም እ.ኤ.አ. በ1970 የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ተከፈተ። ተቋሙ የተሰየመው የበሽታውን ባክቴሪያ እ.ኤ.አ. በ1873 ባገኘው ኖርዌያዊ ሐኪም ስም ነው።

በነዚህ ሐኪም ቤቶች ዙሪያ ሳይታሰብ የተፈጠረ ነገር አለ። ከየክፍለ ሀገሩ ለሕክምና የመጡት ሕሙማን ከተፈወሱም በኋላ ወደ ትውልድ መንደራቸው ለመመለስ አልቻሉም፤ የሚቀበላቸው አልነበረምና። ስለሆነም በሐኪም ቤቱ አካባቢ ጎጆ ቀልሰው፥ ትዳር መሥርተው፥ ልጆች ወልደው ሰፈር ሆኑ። በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ ተብሎ የሚጠራው ሰፈር የዚህ ታሪክ ውጤት ነው። የሰፈሩ ልጆች በሽታው ባይኖርባቸውም የሰፈራቸው ስም ብቻ ያስገልላቸው ነበር። ሐኪም ቤቱ ባክቴሪያውን ለመግደል ሲችል፥ በኅብረተሰቡ ዘንድ ያለውን መገለል ብቻውን ለማጥፋት አልቻለም። ይህ ሥራ ለሌላ ዓይነት ድርጅት የቀረ ነበር።

የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤቶች በብዛት የተከፈቱት ከ1950ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ ነው። መርሐ ዕውራን እየተባለ የታወቀው የሰበታ ትምህርት ቤት፥ በመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ሥር በባኮ የተቋቋመው ትምህርት ቤት፥ በኋላም በሻሸመኔ፥ በወላይታ ሶዶ፥ በጎንደርና በመቀሌ የተከፈቱት ትምህርት ቤቶች ተጠቃሾች ናቸው። እነዚህ ትምህርት ቤቶች አብዛኞቹ አዳሪ በመሆናቸው ተማሪው ከቤተሰቡ ርቆ ማደጉ ጉዳት ነበረው። ሆኖም ከልዩ ልዩ ክፍለ ሀገር የመጡ ወጣቶችን በአንድ ጣራ ሥር በማሰባሰባቸው፥ ብሬይል ዐውቀው፥ ተምረው፥ እርስ በርሳቸውም ተዋውቀው እንዲወጡ አድርገዋል። ከነዚህ ትምህርት ቤቶች የወጡ ብዙ ዓይነ ስውራን መምህራንና የሕግ ባለሙያዎች ሆነዋል።

መስማት ለተሳናቸው ልጆች የመጀመሪያዎቹ ትምህርት ቤቶች የተከፈቱት በከረን ሲሆን፥ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በአዲስ አበባ የመካኒሳና የአልፋ ትምህርት ቤቶች፥ እ.ኤ.አ. በ1981 ደግሞ የሆሳዕና ትምህርት ቤት ተከትለዋል። የአሜሪካ ሚስዮናውያን የአሜሪካን ምልክት፥ የሰሜን አውሮፓ ሚስዮናውያን የየሀገራቸውን ምልክት ይዘው መጡ። ተማሪዎቹ ከየቤታቸው ይዘውት የመጡት ምልክትም ከዚህ ጋር ተዋሐደ። የኢትዮጵያ የምልክት ቋንቋ የዳበረው እንዲህ ባለ ሁኔታ፥ በመማሪያ ክፍል ብቻ ሳይሆን በመጫወቻ ሜዳና በመኝታ ቤት ጭምር ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቋንቋውን በዲግሪ ደረጃ ማስተማር ጀምሯል።

በእጅና በእግር ላይ ጉዳት የደረሰባቸውን ልጆች በሚመለከት፥ እ.ኤ.አ. በ1962 በመናገሻ የተቋቋመው የቼሻየር ድርጅት በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳል። መሥራቹ እንግሊዛዊው ሌናርድ ቼሻየር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአየር ኃይል አብራሪ የነበረ ሲሆን፥ ከጦርነቱ በኋላ በሀገሩ ለሕሙማን መጠለያ ከፍቶ ሥራውን ወደ ብዙ ሀገሮች አስፋፍቷል። በመናገሻ የተረዱት ልጆች አብዛኞቹ በፖሊዮ ምክንያት የመራመድ ችግር የደረሰባቸው ነበሩ።

4. የባለጉዳዮቹ ማኅበራት

ከላይ የተዘረዘሩት ለአካል ጉዳተኞችና ለሕሙማን በሌሎች ሰዎች የተቋቋሙ ናቸው። ባለጉዳዮቹ ራሳቸው ያቋቋሟቸው ማኅበራት ታሪክ ሌላ ምዕራፍ ነው። የኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1960 ተመሠረተ። የኢትዮጵያ መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማኅበር በ1963 ዓ.ም. ተከተለ። ሁለቱም የተመሠረቱት ትምህርት ያገኙ አካል ጉዳተኞች መሰባሰብ በጀመሩበት ዘመን መሆኑ በአጋጣሚ አይደለም። ለስብሰባ የሚያበቃ መተዋወቅ፥ ደንብ ለመጻፍ የሚያበቃ ዕውቀት፥ ለመሥሪያ ቤት አቤት ለማለት የሚያበቃ ልበ ሙሉነት በአብዛኛው የሚገኘው ከትምህርት ነውና።

በዓለም አቀፍ ደረጃም ተመሳሳይ ለውጥ ይካሄድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980 በካናዳ በዊኒፔግ በተደረገው የዓለም አቀፍ የተሐድሶ ባለሙያዎች ጉባኤ ላይ፥ ከየሀገሩ መልእክተኞች እኩሌታው አካል ጉዳተኞች እንዲሆኑ የቀረበው ሐሳብ ውድቅ ተደረገ። በዚህ ያልተደሰቱት አካል ጉዳተኞች በሚቀጥለው ዓመት በሲንጋፖር የራሳቸውን ዓለም አቀፍ ማኅበር መሠረቱ። ያው እ.ኤ.አ. 1981 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የአካል ጉዳተኞች ዓለም አቀፍ ዓመት ብሎ የሰየመው ነው። ከ1983 እስከ 1992 እ.ኤ.አ. ያሉት ዓመታትም የአካል ጉዳተኞች አሥርት ዓመታት ተብለው ታውጀዋል።

በኢትዮጵያ በ1988 ዓ.ም. አካባቢ ሁለት ዐበይት ክንውኖች ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ1996 የኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች ማኅበራት ፌዴሬሽን ተመሠረተ። በዚያው ዓመት በሥጋ ደዌ የተጠቁ ሰዎች ብሔራዊ ማኅበራቸውን አቋቋሙ። ሐኪም ቤቱ ብቻውን ሊያጠፋው ያልቻለውን መገለል ለመታገል የተነሡት፥ መገለሉ የደረሰባቸው ሰዎች ራሳቸው ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ2002 ደግሞ የኢትዮጵያ ሴት አካል ጉዳተኞች ብሔራዊ ማኅበር ተቋቋመ። ይህ የሆነው ሴቲቱ በሴትነቷም በአካል ጉዳቷም የሚደርስባት በደል በሌሎቹ ማኅበራት ውስጥ በቂ ቦታ ባለማግኘቱ ነው። ማየትም መስማትም የተሳናቸው ሰዎችም የራሳቸው ብሔራዊ ማኅበር አላቸው።

ስለ ራሱ ለመናገር በማይችል ሕፃን ምትክ ደግሞ ወላጆች ተነሥተዋል። ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት የነበሩት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ የጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አቋቁመው እ.ኤ.አ. በ2021 እስካረፉ ድረስ መርተዋል። ልጃቸውን በካንሰር ያጡ ወላጆች እ.ኤ.አ. በ2004 በሟቹ ልጅ ስም የማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን መሥርተዋል። የስኳር ሕሙማንን ጉዳይ የያዘው የኢትዮጵያ የስኳር ሕመም ማኅበር ከዚህ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1984 የተመሠረተ ነው።

ከኤች አይ ቪ ጋር የሚኖሩ ሰዎች ማኅበራት ታሪክም እዚህ ላይ ሊታለፍ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ እንደ መቅድምና ተስፋ ጎህ ያሉት ማኅበራት ሲቋቋሙ መድኀኒቱ በነጻ አይገኝም ነበር። አባሎቻቸው በአደባባይ ወጥተው ስለ ራሳቸው መናገራቸው በብዙ ሺሕ የሚቆጠሩ ሰዎች እንዲመረመሩ አደፋፍሯል። እ.ኤ.አ. በ2005 ነጻ ሕክምና በሀገሪቱ ሲጀመር፥ ማኅበራቱ አስቀድመው መንገዱን ጠርገው ነበር።

5. ሕግና መንግሥት

መንግሥት በዚህ ጉዳይ ላይ ራሱን የቻለ ሕግ ካወጣባቸው ቀደምት ጊዜያት አንዱ 1963 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት የወጣው ትእዛዝ ቁጥር 70 ለአካል ጉዳተኞች መልሶ መቋቋም ኃላፊ የሆነ መሥሪያ ቤት አቋቋመ። ትእዛዙ አካል ጉዳተኛ የሚለውን የተረጎመው በአካል ወይም በአእምሮ ጤና ጉድለት ምክንያት ኑሮውን ለመግፋት የማይችልና ረዳት የሌለው ሰው በማለት ነው፤ ሕፃናትንና አረጋውያንንም ይጨምር ነበር። በዚህ ትርጉም መሠረት ሠርቶ የሚያድር ዓይነ ስውር መምህር አካል ጉዳተኛ አይደለም፤ ጤነኛ ግን አሳዳጊ የሌለው ሕፃን አካል ጉዳተኛ ይባላል። ሕጉ ችግረኛነትንና አካል ጉዳትን አንድ አድርጎ ይመለከት ስለ ነበር፥ በመንፈሱ ከምጽዋት ብዙም አልራቀም።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 101 የአካል ጉዳተኞችን የሥራ መብት የሚመለከት ነበር። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካልና ለአእምሮ ጉዳተኞች መቋቋሚያና ርዳታ እንዲመድብ ይደነግጋል። ቀድሞ የወጣውን አዋጅ የተካው አዋጅ ቁጥር 568/2000 ደግሞ በሥራ ቅጥር ረገድ የሚደረግ አድልዎን ከልክሏል። አድልዎ ተፈጸመብኝ የሚል አካል ጉዳተኛ በፍርድ ቤት ሲከራከር፥ አድልዎ አለመኖሩን የማስረዳት ሸክም በአሠሪው ላይ እንዲሆንም አድርጓል። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 4 መንግሥታት አካል ጉዳተኞችን የሚመለከት ውሳኔ ሲያደርጉ ከእነርሱና ከወካይ ድርጅቶቻቸው ጋር እንዲመክሩ ያስገድዳል። የሚላኖው ጉባኤ ስሕተት በዚህ አንቀጽ መልስ አግኝቷል ለማለት ይቻላል።

ሕግ ድርጅቶችን ሲያጠናክር እንደሚችል ሁሉ ሊያዳክምም ይችላል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 የአካል ጉዳተኞችን መብት በማስጠበቅ ሥራ ላይ የሚሰማሩ ድርጅቶች ከውጭ ሀገር የሚያገኙት ገንዘብ ከገቢያቸው 10 በመቶ እንዳይበልጥ ወስኖ ነበር። ምጽዋት ነክ ርዳታ የሚሰጠው ድርጅት ገንዘቡን እንደ ልብ ሲቀበል፥ ስለ መብት የሚናገረው ማኅበር ግን እጁ ታሰረ። ይህ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 እስኪተካ ድረስ ለ10 ዓመታት ያህል ጸንቶ ቆይቷል።

በትምህርት በኩል በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልዩ ፍላጎት ላላቸው ተማሪዎች እንደየችሎታቸው ትምህርት እንዲሰጥ አመልክቷል። በዚያው እ.ኤ.አ. 1994 በስፔን በሳላማንካ የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ ጉባኤ፥ ማናቸውም ትምህርት ቤት ሕፃናትን ሁሉ እንዲቀበል ጥሪ አድርጓል። ትምህርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2006 የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ አውጥቶ እ.ኤ.አ. በ2012 አሻሽሎታል። ከዚህም የተነሣ በክላስተር ትምህርት ቤቶች የድጋፍ ማዕከላት እንዲቋቋሙ ተደርጓል።

6. ረዳትን የመፈለግ ችግርና የመምህሩ ድርሻ

ከዚህ ታሪክ እንደሚታየው፥ ርዳታ ፈላጊው ሦስት መሰናክሎች ይገጥሙታል። አንደኛው የቦታ ነው፤ ድርጅቶቹ በአብዛኛው በአዲስ አበባና በትልልቅ ከተሞች ይገኛሉ። ሁለተኛው የክፍፍል ነው፤ እያንዳንዱ ድርጅት አንድን ጉዳት ብቻ ስለሚመለከት፥ ጉዳቱ በቅጡ ያልታወቀለት ወይም ሁለት ዓይነት ጉዳት ያለበት ሰው ከአንዱ ወደ ሌላው ይንከራተታል። ሦስተኛው የዕውቀት ነው፤ ወላጁ ድርጅት መኖሩን አያውቅም፥ ድርጅቱም ልጁ መኖሩን አያውቅም።

ሦስተኛውን መሰናክል በማንሣት ረገድ ከመምህሩ የተሻለ ቦታ ያለው ሰው ጥቂት ነው። ከሕዝቡ መካከል ይኖራል፥ ልጆቹን በየቀኑ ያያል፥ ማንበብና መጻፍም ሥራው ነው። ስለዚህ የሚከተሉትን ተግባራት ማከናወን ይኖርበታል።

ሀ) መለየት። ሰሌዳውን ለማየት የሚቸገር፥ ሲጠሩት የማይዞር፥ በድንገት የሚወድቅ ወይም ክብደቱ እየቀነሰ ውሃ አብዝቶ የሚጠጣ ልጅ ሲያጋጥም፥ «ሰነፍ ነው» ከማለት በፊት ወደ ጤና ጣቢያ እንዲመረመር ማድረግ ይገባል። በቆዳው ላይ ስሜት የሌለው ለምጽ መሰል ምልክት የታየበት ልጅም እንዲሁ ነው። ከ1983 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኢትዮጵያ የሚሰጠው የተቀናጀ የመድኀኒት ሕክምና ሥጋ ደዌን ከ6 እስከ 12 ወር በሚደርስ ጊዜ ያድናል፤ መድኀኒቱም በነጻ የሚሰጥ ነው። በጊዜው የተደረሰበት ልጅ ጣቱንም ዓይኑንም ሳያጣ ይድናል። የዘገየው ግን ከበሽታው ቢድንም የጉዳቱ ምልክት ዕድሜ ልኩን ይከተለዋል።

ለ) መመዝገብ። በቀበሌው ውስጥ ከትምህርት ውጭ ሆነው የቀሩትን አካል ጉዳተኛ ልጆች በርእሰ መምህሩ፥ በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋና በዕድር ዳኞች ትብብር መዝግቦ መያዝ ያስፈልጋል። ያልተቆጠረ ልጅ በፕላን ውስጥ አይገባም፤ በፕላን ያልገባም በጀት አይመደብለትም።

ሐ) ማገናኘት። በትምህርት ቤቱ ውስጥ የማኅበራቱ፥ የልዩ ትምህርት ቤቶቹና የተሐድሶ ማዕከሎቹ ስም፥ አድራሻና የሚሰጡት አገልግሎት የሰፈረበት አንድ መዝገብ ሊኖር ይገባል። ወላጁን በባዶ እጁ «ወደ ከተማ ሂድ» ከማለት፥ የልጁ ሁኔታ የተገለጸበትን ደብዳቤ ጽፎ መስጠትና በተባለው ቀን መድረሱን መከታተል ይሻላል።

መ) ማማከር። ስለ ልጁ ትምህርት ሲወሰን ወላጁንና ልጁን ራሱን፥ በአካባቢው ቅርንጫፍ ያለው ማኅበር ካለም ተወካዩን መጠየቅ ያስፈልጋል። ከተረጂው በላይ ስለ ችግሩ የሚያውቅ የለምና።

ፕላን አዘጋጁም በበኩሉ መምህሩ ይህን ሁሉ በበጎ ፈቃድ ብቻ እንዲሠራ መተው አይገባውም። የክላስተሩ የድጋፍ ማዕከል የአድራሻውን መዝገብ በየዓመቱ እያደሰ ለየትምህርት ቤቱ እንዲያሰራጭ፥ የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች የመለየትንና የማገናኘትን ሥራ ለመደበኛ መምህራን ሁሉ እንዲያስተምሩ፥ የትምህርትና የጤና መሥሪያ ቤቶች ምዝገባም እንዲናበብ በፕላን ሊያዝ ይገባል። መዝገቡ አንድ ጊዜ ተጽፎ የሚቀመጥ አይደለም። ድርጅት ይዘጋል፥ ቦታ ይለውጣል፥ አዲስ ማኅበርም ይቋቋማል። የተሳሳተ አድራሻ ይዞ ልጁን አዝሎ ብዙ ኪሎ ሜትር የተጓዘ ወላጅ ሁለተኛ ጊዜ አይነሣም።

ማጠቃለያ

የረዳት ድርጅቶች ታሪክ በኢትዮጵያ ከደጀ ሰላም ጀምሮ በሐኪም ቤትና በአዳሪ ትምህርት ቤት አልፎ ወደ ባለጉዳዮቹ ማኅበር የደረሰ ጉዞ ነው። በያንዳንዱ ምዕራፍ የተለወጠው የርዳታው መጠን ብቻ አይደለም፤ የተረጂው ቦታም ጭምር ነው። በመጀመሪያ እጁን የዘረጋ ለማኝ ነበር። ቀጥሎ ታካሚና ተማሪ ሆነ። በመጨረሻም ደንብ ጽፎ፥ ሊቀ መንበር መርጦ፥ ስለ ራሱ የሚናገር አባል ለመሆን በቃ።

ይህ ጉዞ ግን ለሁሉም አልደረሰም። ማኅበሩ በከተማ ሲሰበሰብ በገጠር ያለው ልጅ ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ ላይ ነው፤ ምናልባትም ከዚያ በፊት፥ በጓዳ ውስጥ ነው። ከጓዳው እስከ ማኅበሩ ያለውን መንገድ የሚያሳየው ሰው ካገኘ እንደ ቀደሙት ሊማርና ሊሰበሰብ ይችላል። በአብዛኛው የሀገሪቱ ቀበሌዎች ይህን መንገድ ሊያሳይ የሚችለው የመንግሥት ሠራተኛ መምህሩ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ በእርሱ ላይ ይወድቃል፤ ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ የቀረው ልጅ ማን ነው? ቤቱስ የት ነው?